ክብሪት ቀፎ ውስጥ ያልገባው ደም

ከአማት ጋር በአንዲት ክፍል የኖረች አንባቢ ካለች ይህን ታሪክ ገና ሳልጨርሰው ትረዳኛለች። ያልኖረች ደግሞ ትንሽ ትታገሰኝ፤ አማቴን ሳላስተዋውቅ ወደ ልጄ ሕመም ብገባ ነገሩ አይገባም።

እማማ አማረች የባለቤቴ የታደሰ እናት ናቸው። ከሆሳዕና የመጡት የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ሊያርሱኝ ነበር። «ልጅቷ አንገቷን ስታጸና እመለሳለሁ» ብለው መጡ። ሶስና አንገቷን አጸናች፣ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች፣ የድስት ክዳን በማንኪያ መደብደብም ቻለች። የእማማ አማረች ሻንጣ ግን አልጋዬ ሥር እንደገባ ነው። እውነቱን ልናገርና እንዲሄዱም አልፈልግም፣ እንዲቆዩም አልፈልግም። ሲቆዩ ቤቴ የእኔ አይደለም፤ ሲሄዱ ደግሞ ልጄን ማን ይይዝልኛል?

የምንኖረው ኮተቤ፣ እትዬ ሮማን የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። እኔ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ታደሰ የጭነት መኪና ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል። ሞባይል ስልክ ገና ከባለሀብት ኪስ ያልወረደበት ጊዜ ስለነበር አንዴ ከወጣ መመለሱን የምናውቀው በሩን ሲያንኳኳ ነው።

እማማ አማረች ንጹሕ ሰው ናቸው ብዬ ባልፍ አነሰባቸው። ለእሳቸው ቆሻሻ ማለት ሰው ሳያየው መታጠብ ያለበት ነገር ነው። የሶስናን የሽንት ጨርቅ ግቢው ሳይነቃ አጥበው ከቤቱ ጀርባ ያሰጡታል፤ ያም አልበቃ ብሎ አላፊ አግዳሚ እንዳያይባቸው ላዩ ላይ አንሶላ ይደርቡበታል። «ሰገራ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ልጅቷ ወጣላት» ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ አንደበቴ ሾላ ገበያ ያደገ ስለሆነ ነገሩን በስሙ ስጠራው «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሰው ይሰማል» እያሉ በሩን ይዘጋሉ። ሳቄን አፍኜ እተዋቸዋለሁ።

ያ ቅዳሜ ክረምት ላይ ነበር። ሶስና ሰባት ወሯ ነው፤ በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይዟት ገና መልቀቁ ነበር። ወደ ገበያ ልወጣ ነጠላዬን ስፈልግ ድንገት ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ ጮኸች። የረሃብ ለቅሶዋን አውቀዋለሁ፣ የእንቅልፍ ለቅሶዋንም አውቀዋለሁ፤ ይሄኛውን ግን አላውቀውም። ፊቷ ነጣ፣ ግንባሯ አላበው። ሳነሳት ጩኸቷ ቆመ፤ ቧንቧ የተዘጋ ይመስል ጸጥ አለች። ከዚያ የአያቷን የአንገት ሀብል ይዛ ፈገግ አለች።

«ጥርስ ነው» አሉ እማማ አማረች።

«ጥርስ ሆድ ውስጥ ነው እንዴ የሚበቅለው፣ እማማ?»

«አንቺ ቀልጂ። ባልሽ ጥርሱን ሲያወጣ ሰፈሩን ሁሉ አላስተኛም ነበር።»

ልክ ሊሆኑ ይችላሉ ብዬ ነጠላዬን ለበስኩ። በሩ ላይ ሳልደርስ ደግሞ ጮኸች። እንደ ቅድሙ ጉልበቷን ሰበሰበች፣ ነጣች፣ ተወች። በሦስተኛው ጊዜ የጠባችውን ጡት በሙሉ ደረቴ ላይ መለሰችው። ነጠላዬን አውልቄ ወረወርኩት፤ የዚያን ቀን ገበያ የሚባል ነገር ቀረ።

እማማ አማረች ጨርቋን ሊቀይሩላት ወደ ጥግ ወሰዷት። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበርና ዝም ማለታቸው ብቻ አስደነገጠኝ። እሳቸው ልጅ ሲቀይሩ ይዘምራሉ።

«ምንድነው፣ እማማ?»

«ትንሽ ቀላ ብሏል።»

ጨርቁን አጥፈው ከመሸሸጋቸው በፊት ጫፉን አየሁት። ቢጫው ላይ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ተጋድሟል። ደም ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው የገዛ ደሙን አይቶ እንደዚያ አይደነግጥም።

ወሬው ግቢውን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። እትዬ ሮማን የቤት ጫማቸውን እየጎተቱ ገቡና መመርመር ጀመሩ።

«ድርቀት ይዟት ነበር? የኔዋ ትንሿ ሲደርቅባት መቀመጫዋ ተሰንጥቆ ደም ነበራት።»

«ኧረ አልደረቀባትም» አልኩ።

«የላም ወተት አስጀመራችኋት? የማይስማማው ልጅ አለ።»

«ጡትና አጥሚት ብቻ ነው።»

«ቀይ ሥር ቀመሰች እንዴ? የወንድሜ ልጅ ቀይ ሥር በልቶ አንድ ቤተሰብ አስለቅሷል፤ ለካ ደም አልነበረም።»

«አላስቀመስናትም፣ እትዬ ሮማን።»

«እንግዲያው አሜባ ነው።» አዲስ አበባ ውስጥ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚቀረው አሜባ ነው። ወዲያው ለልጃቸው ታዞላት ከነበረ ሽሮፕ የተረፈ ጠርሙስ ይዘው መጡ። እኔ ተስፋ ቆርጬ እጄን ልዘረጋ ስል እማማ አማረች መሃል ገቡ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሮማን። ለሌላ ልጅ የታዘዘ መድኃኒት ለእሷ አይሆንም። ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።» ያን ጊዜ ጉንጫቸውን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ሐኪም ቤት ባዶ እጅ እንደማይኬድ እማማ አማረች ያውቃሉ። በዚያን ዘመን የሰገራ ምርመራ ማለት ክብሪት ቀፎ ማለት ነው። እንጨቱን ሲኒ ላይ ይገለብጡታል፣ ናሙናውን በስንጥር አንስተው ቀፎው ውስጥ ያስቀምጡታል፣ በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ይሄዳሉ። የላቦራቶሪ መስኮት ላይ የተደረደረው ቀፎ ብዛት ሱቅ ያስመስለው ነበር። «እኔ አዘጋጃለሁ፣ አንቺ ልጅቷን አልብሺ» አሉና ከጨርቁ ጋር ወደ ጓሮ ሄዱ። እኔም አለበስኳት።

ሾላ ገበያ ጀርባ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች፤ ስሟን መጥራት አያስፈልግም፣ ዛሬ ፎቅ ተሠርቶባታል። ቀፎውን ሰጥተን ተቀመጥን። ሶስና በታክሲው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮኻ ነበር፤ መርማሪው ክፍል ስንገባ ግን አርፋ የሰውየውን እስክርቢቶ ለመንጠቅ ትታገላለች። ሆዷን ዳሰስ አደረጓት። ውጤቱን አነበቡ።

«ጥገኛ ተሕዋስ የለም፣ ደምም አልታየም» አሉ።

«እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ።

«ብዙ ነበር?»

እማማ አማረችን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። «ትንሽ ነው፣ ዶክተር» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ጉንፋኑም ይሆናል፣ ጥርሱም ይሆናል። ይህን ዱቄት በጥብጣችሁ ፈሳሽ ስጧት። ከባሰባት ተመለሱ።» በያዙት ነገር ከዚህ ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? እኛም አመስግነን ወጣን። እማማ አማረች መንገዱን ሙሉ «ተመስገን» ሲሉ እኔ ግን ውስጤ እሺ አላለም።

እቤት ስንደርስ ሶስና ፈገግታዋን ተወች። በጩኸቶቿ መሃል ትጫወት የነበረችው ልጅ አሁን በመሃሉ ትንጋለላለች። ጡት ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች። የበጠበጥኩላትን አንድ ማንኪያ ሰጥቻት ሳትውጠው አረንጓዴ ነገር አስታወከች። ስሟን ስጠራት ዓይኗን ወደ እኔ ታመጣና እዚያው ትረሳዋለች። ከማልቀስ በላይ የሚያስፈራ ዝምታ እንዳለ ያን ቀን አወቅሁ።

እማማ አማረች ጨርቅ ቀየሩላትና ይዘው ወጡ። ብዙ ቆዩ። ልጄን አቅፌ ተከተልኳቸው። ከቤቱ ጀርባ ሳፋው ፊት ቁጢጥ ብለው ያሻሉ። ውሃው ቀይ ነው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

ደንግጠው ሳፋውን በቀሚሳቸው ሊጋርዱት ሞከሩ። «ግቢ፣ ልጅቷን ብርድ ይመታታል።»

«ከጠዋት ጀምሮ እንደዚህ ነው?»

«የጠዋቱ አነስ ያለ ነበር።»

«ታዲያ ክሊኒኩ ለምን አላየውም? ቀፎው ውስጥ ምን አደረጉ?»

መልሳቸውን ዛሬም በድምፃቸው እሰማዋለሁ። «ደህና ደህናውን ነዋ። ቢጫውን መርጬ። ደሙንና ያን የሚያጣብቀውን ነገር እንዴት ሰው ፊት አቀርባለሁ፣ ትዕግሥት? የሴት ልጅ ነገር ነው። ሐኪሙም ሰው ነው፤ ምን ዓይነት ቤት ነው ያላት ይላል።»

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። ጊዜ አልነበረም። ሶስና እጄ ላይ ተኮማተረችና ሙቀት ተሰማኝ። እዚያው ሳሩ ላይ ፈታኋት። ያሁኑ ሰገራ አልነበረም። ጥቁር ቀይ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ማርማላታ የመሰለ ነገር ነበር። እማማ አማረች እጃቸውን ወደ ጨርቁ ሰደዱ፤ በልማድ ነው፣ ሊያጥቡት። እጃቸውን ያዝኩት።

«ይሄ አይታጠብም።»

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አላቀቁ። ከዚያ ጨርቁን ራሳቸው አጠፉት፣ ፌስታል ውስጥ ከተቱት፣ ጋቢያቸው ሥር ያዙት። «ነይ እንሂድ» አሉኝ።

ከእንጦጦ በኩል የመጣው ዝናብ ኮተቤን አጥለቅልቆታል። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚያደርሰን ላዳ ብንፈልግ አንድም የለም። ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍተን ገባን። ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ትንፋሿን አዳምጣለሁ፤ አማቴ አጠገቤ ፌስታሉን አቅፈው ድርቅ ብለው ተቀምጠዋል። በዝናቡ ምክንያት መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ብዙም ሳንሄድ ሰው አፍንጫውን መያዝ ጀመረ። ረዳቱ ዞር አለ።

«ማዘር፣ ፌስታሉ ውስጥ ያለው ምንድነው? ሥጋ ከሆነ ከወንበር ሥር ያድርጉት፤ ሰው እያማረረ ነው።»

እማማ አማረች አቀረቀሩ። እዚያው ላይ በሐፍረት የሚሞቱ መሰለኝ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ሥጋ አይደለም፣ ልጄ። የልጅ ልጄ ሰገራ ነው። ደም አለበት። ጠዋት ደብቄው ነበር፤ አሁን ለሐኪም ላሳየው እየሄድኩ ነው።»

ይህን ሁሉ የተናገሩት በቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ቁጥር በሚናገሩበት ድምፅ ነው። አንድ ትልቅ ሰው መስኮታቸውን ከፈቱና ዝናቡን በትከሻቸው ተቀበሉት። ከኋላ አንዲት ሴት «ሹፌር፣ እኔን ሾላ እንዳታቆምልኝ፣ ሌላ ጊዜ እወርዳለሁ» አለች። ሹፌሩ በመስታወት አየንና፣ «ወራጅ ካለ አሁን ይናገር፤ ከዚህ በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ ነው የማቆመው» አለ። ወራጅ ያለ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ቤቱን እያለፈ ከእኛ ጋር ሄደ። የማንኛቸውንም ስም አላውቅም፤ መንገድ ላይ ባገኛቸውም አልለያቸውም። እንደምወዳቸው ግን ይወቁልኝ።

ትልቁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንደሁልጊዜው ሞልቷል። ካርድ የሚያወጣው ሰልፍ እስከ ደጅ ነው። እማማ አማረች፣ በሕይወታቸው ሰልፍ ጥሰው የማያውቁት ሴት፣ ሰዉን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ ሰንጥቀው አንዲት ወጣት ሐኪም ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። ፌስታሉን ፈቱ፣ ጨርቁን ዘረጉት።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ የምትጽፊበት ላይ ነው ያደረግኩት። ይሄ ከልጃችን የወጣ ነው። ጠዋት ለምርመራ የሰጠሁት ውሸት ነበር፤ ንጹሑን መርጬ ነው የሰጠሁት።»

ዶክተሯ አልተጸየፈችም። ጨርቁን አንዴ አይታ ከወንበሯ ተነሳች።

«ሕመሙ መጣ ሄደት ይላል?» አለችኝ።

«አዎ። ትጮኻለች፣ ከዚያ ትተወዋለች።»

«ጉልበቷን ትሰበስባለች? ያስመልሳታል?»

«አረንጓዴ አስመለሳት።»

ሶስናን አስተኝታ ሆዷን በቀስታ ዳሰሰች። ከጎድኗ በታች በስተቀኝ አንድ ቦታ ላይ ጣቶቿ ቆሙ። ያንን ፊት መቼም አልረሳውም፤ የሚፈልገውን ያገኘ፣ ግን ባላገኘሁት ብሎ የሚመኝ ሰው ፊት ነው።

«እህቴ፣ ሹራብ ስታወልቂ እጅጌው ወደ ውስጥ ይገባ የለ? አንጀቷ እንደዚያ ሆኗል። አንዱ ክፍል ሌላው ውስጥ ገብቶ ተቆልፏል። ደም የሚያመጣውም፣ የሚያስጮኻትም እሱ ነው። በዚህ ዕድሜ፣ አንዳንዴም ከጉንፋን በኋላ ያጋጥማል።»

«መድኃኒት አለው?»

«በሽሮፕ አይወጣም። ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። የታሰረው አንጀት ደም ካጣ ይሞታል፣ ከሞተ መቁረጥ ይመጣል፣ ከዚያም በላይ ከቆየ…» አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኋትም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሮጠ። ክንዷ ላይ መርፌ ፈልገው ግሉኮስ ሰቀሉ፣ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ ፈረምኩ። ታደሰ ቢኖር እሱ ይፈርም ነበር፤ እሱ የት እንዳለ እንኳን አላውቅም። ልጄን የምትወስደው ነርስ ጣቶቼን ከሶስና ቀሚስ ላይ አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባት።

እማማ አማረችና እኔ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ውጪ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ በመስኮቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በጉም መሃል ይታያል። ተቆጥቼ ነበር። ልናገረው የምችለውን ሁሉ በልቤ ደረደርኩት። አንድም ቃል አልሸሽጋቸውም ብዬ ወስኜ ነበር።

«ታደሰ ሲመጣ እኔ ነኝ የምነግረው» አሉኝ ቀድመውኝ። «እናትህ ናት ያጠፋችው እለዋለሁ። አንቺ አትናገሪ፣ በአንቺና በእሱ መሃል እንዳይገባ። ሶስና ከዳነችልኝ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሶስና ከተወለደች ጀምሮ በብርድ ውሃ ጨርቅ ሲያጥቡ የተሰነጣጠቀ እጅ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ጨርቅ እኔ አላጠብኩም ነበር። የደረደርኩት ንግግር ሁሉ ወደ ሆዴ ተመለሰ፤ ያለቀስኩትም ያን ጊዜ ነው።

«እማማ፣ እኔ በርበሬዬን ለገዢ ሳሳይ እንዴት እንደማሳይ አይተዋል?»

«ምን አመጣው አሁን በርበሬ?»

«ጥሩ ጥሩውን ከላይ አደርጋለሁ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። እርስዎም የልጅ ልጅዎን ጥሩ ጥሩውን ነው ያሳዩት። አይሄዱም። የት ነው የሚሄዱት?»

ጋቢያቸውን ግማሹን አልብሰውኝ መጸለይ ጀመሩ። እሳቸው በሃድይኛ፣ እኔ በአማርኛ፤ ጌታ ሁለታችንንም ይሰማ ነበር።

ሊመሻሽ ሲል ቀዶ ሐኪሙ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ ወጣ። ሽማግሌ ሰው ነው።

«ቆልፎት ነበር» አለ። «በእጃችን ቀስ እያልን ገፍተን አወጣነው። ጠቁሮ ነበር፤ ሞቅ ባለ ጨርቅ ይዘን ጠበቅነው፤ ቀለሙ ተመለሰ። አልቆረጥንም። ነገ ብትመጡ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግራችሁ።»

እማማ አማረች ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ሰውየው ለእሱ የተንበረከኩ መስሎት ሊያነሳቸው ተንደረደረ፤ እሳቸው ግን ከሌላ ጋር እየተነጋገሩ ነበር።

በሕፃናት ክፍል የቆየንባቸው ቀናት ሌላ ትምህርት ቤት ነበሩ። ያቺ ወጣት ዶክተር ስታልፍ ስታገድም እንጠይቃታለን፤ የሌሎቹ አልጋ እናቶችም ይከቡናል። እትዬ ሮማን ያሉት ሁሉ ስህተት እንዳልነበረ ከእሷ ተረዳሁ። ደረቅ ሰገራ መቀመጫን ሲሰነጥቅ ደማቅ ቀይ ደም ከላዩ ላይ ይታያል። ትኩሳትና ንፍጥ ያለበት ተቅማጥ ከደም ጋር ሲመጣ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል፤ አሜባ ከብዙዎቹ አንዱ ነው እንጂ ብቻውን አይደለም። የላም ወተት የማይስማማው ሕፃን አለ። ከፍ ያለ ልጅ ደግሞ ሳያመው ደም ቢያይ አንጀቱ ውስጥ ትንሽ እባጭ ሊኖር ይችላል። ቀይ ሥርም ያስደነግጣል። «የሕፃን ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ እቤት ሆናችሁ ከዚህ ሁሉ አትምረጡ» አለችን። «ይዛችሁ ኑ። እየመጣ የሚሄድ ጩኸት፣ አረንጓዴ ትውከት፣ መልፈስፈስ ከተጨመረበት ደግሞ እየሮጣችሁ ኑ።»

ሶስና ጡት ተከልክላ በግሉኮስ ትኖር ነበር። አንጀቷ መሥራት መጀመሩን የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ይጠብቅልናል። የጎን አልጋዋ እናት ጠዋት ስትነቃ ከሰላምታ በፊት «ወጣላት?» ትላለች። ማታ የምትገባው ነርስ ኮቷን ሳታወልቅ ትጠይቃለች። ታደሰ ደርሶ፣ ከጎረቤት ሰምቶ፣ ጭነቱን ሳያራግፍ ከነአቧራው የመጣውም በዚያው መሃል ነው። እናቱ በቃላቸው መሠረት ሁሉንም ነገሩት። እሱም እጃቸውን ሳማቸው።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት እማማ አማረች ጨርቅ ሲፈቱ መዝሙራቸው ተቋረጠ።

«እማማ?»

ጨርቁን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ዞሩ። ቢጫ ነው። ክር የሚያህል ቀይ የለበትም። እሳቸው ደግሞ አላጠፉትም፣ አልሸሸጉትም። ከአልጋ አልጋ እየዞሩ «እዩልኝ፣ ሰገራ ወጣላት፣ ንጹሕ ሰገራ» እያሉ አሳዩ። ሴቶቹ እልል አሉ። የምግብ ጋሪ የምትገፋዋ ሴት ሳህን በእጇ እንደያዘች ጎንበስ ብላ አይታ፣ «እሰይ፣ የኔ እናት» አለች። ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

እናንተ የምታነቡኝ እናቶችና አባቶች፣ ያ ቀን በእኔ ላይ የለወጠውን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ሐኪም ፊት ስቀርብ እንግዳ ሊመጣባት ቤቷን እንደምታስተካክል ሴት ነበርኩ። ስንት ቀን አመመሽ ሲሉኝ እቀንሳለሁ፤ ምን ሰጠሻት ሲሉኝ የሚያስወቅሰኝን አወጣለሁ። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፤ ጎረቤት ያኖራል፣ ትልቅ ያስከብራል። ሐኪም ቤት በር ላይ ግን ይቆየን። ሐኪም የሚያክመው ያሳየነውን ነው። ልጃችን ደግሞ የራሷን ነገር መናገር አትችልም፤ ያ ጨርቅ የእሷ አፍ ነው።

ከሆስፒታል በወጣን በመጀመሪያው እሑድ እማማ አማረች በቤተ ክርስቲያናችን ለምስክርነት ተነሱ። ጌታ ልጄን ፈወሰልኝ ብለው ይቀመጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ማይኩን ተቀብለው ሁሉንም በቅደም ተከተል ተናገሩ። ክብሪት ቀፎውን፣ የመረጡትን ቢጫ፣ የደበቁትን ደም፣ ሳፋውን፣ ሚኒባሱን። «ሰገራ» የሚለው ቃል በድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሲሞላው ወጣቶቹ ዘማሪዎች መሃረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ሰብሳቢው ሽማግሌ ጣራ ጣራ ያያሉ። እማማ አማረች አልተጣደፉም። «እኔ አፍሬ ልጅ ልትሞትብኝ ነበር» ብለው ማይኩን መለሱ።

ጉባኤው ሲበተን አንዲት ሴት በሩ ጋ ጠበቀችን። ገና ልጅ ናት፤ ሕፃን አዝላለች። ሰው እስኪያልፍ ቆየችና ወደ አማቴ ጆሮ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች። የተናገረችውን አልሰማሁም። እማማ አማረች ግን ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው መለሱላት።

«ጨርቁን አጥበሽዋል?»

«ገና ነው፣ እማማ። እቤት ነው ያለው።»

ሶስናን አንስተው ለእኔ ሰጡኝ፣ ጋቢያቸውን አጠበቁ።

«ሂጂ አምጪው» አሏት። «እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።»